ሰሊጥ የጠጣው ፍሬን

የሞተር መጋዙን ፍሬን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ሰበረ ተብሎ ተጻፈብኝ፤ እኔም ማንበብ ስለማልችል ከጽሑፉ ግርጌ አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። በደሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ አይረዝምም። የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን፣ ምን ልዋሽ፣ ያስቃል።

ያስታወሰኝ የጓሮዬ ኒም ነው። ዘንድሮ አንዱ ቅርንጫፍ ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ተጋደመና ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት «ጋሼ ሁሴን፣ ያ ዛፍ ቆርቆሮዬን ሳይበላው አንድ በሉት» ማለት ጀመረ። ሲሰለቸኝ ከካራቆሬ አንድ እንጨት ቆራጭ አስጠራሁ። በባጃጅ መጣ፤ መጋዙን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። እኔ የግድግዳው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ቅርንጫፉን ጣለና ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት፣ ከእጀታው ፊት ያለችውን ጋሻ በግራ እጁ አንጓ ወደፊት ገፋ አደረጋት። ጠቅ አለች። ሰንሰለቱ ባለበት ደረቀ።

ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ። ያቺን ጠቅታ አውቃታለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት እናቴ ግቢ ውስጥ፣ በእነዚህ እጆቼ፣ ከሞት ያስነሳኋት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ግራር የምንቆርጥ ሰዎች ተሰብስበን የማገዶና የጣውላ ማኅበር ተብለናል። ብዙ መጥረቢያና አንድ የሞተር መጋዝ ነበረን። መጋዙ አሮጌ ነው፤ ብርቱካናማ ቀለሙ በየጥጉ ተልጧል። ነገር ግን መጥረቢያ ግማሽ ቀን ሲለምነው የሚውለውን ግራር እሱ ሻይ እስኪፈላ ይጥለዋል። የቆላን ፀሐይ ያልቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በሚያዝያ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ የመጥረቢያ እጀታ በላብ እየተንሸራተተ ሰው ከዛፉ ይልቅ ቅልጥሙን ይቆርጣል። ስለዚህ መጋዙን የያዘ ሰው ንጉሥ ነበር፤ ንጉሥ የሚባል በቀረበት ዘመን።

ንጉሣችን ጋሼ ደምሴ ነበሩ። የማኅበሩ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ከብርዱ ከወረዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ኮታቸውን ግን አላወለቁም። ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ «ኮት ለብርድ ነው ያላችሁ ማነው?» ይሉናል። ከደረት ኪሳቸው መነጽርና እስክሪፕቶ አይጠፋም። እኔ ደግሞ መጋዙን ማታ አጸዳለሁ፣ ጠዋት በትከሻዬ ተሸክሜ ወንዝ አወርዳለሁ። ሁለተኛ ያዥ ሲመረጥ እኔ እንደምሆን ጋሼ ደምሴ ነግረውኛል። በዚያ ዕድሜዬ ከዓለም የምፈልገው ይህንኑ ነበር፤ መጋዙን ይዤ መቆም። ሌላው ሰው ሚስት ይመኛል። እኔ እሱን ከያዝኩ ሚስቲቱ ራሷ ትመጣለች ባይ ነበርኩ።

አንድ ዓርብ ለጁምዓ ወደ ሮቢት ከተማ ወጣሁ። ስመለስ ሰው ሁሉ መጋዙን ከቦ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል፣ ሰንሰለቱ አይዞርም። ነዳጅ ሲሰጡት ያቃስትና ይጠፋል። ከእጀታው ፊት ያለችው ጋሻ ወደፊት ዘንበል ብላ ደርቃለች፤ ቢጎትቷት አትመለስም። ስለዚች ጋሻ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሼ ደምሴ መጋዙን የተረከቡ ዕለት ሰብስበውን «ይቺ ፍሬን ናት። እንዳትነኳት» ብለዋል። እኛም አልነካንም። ለምን እንደምትጠቅም የጠየቀ የለም፤ ያን ጊዜ አትንኩ የተባለ ነገር አይጠየቅም።

«አዲስ አበባ ይላካል» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«መቼ ይመለሳል?» አልኳቸው።

«እሱን አዲስ አበባ ያውቃል።»

ሰዎቹ መጥረቢያቸውን እንደ ታመመ ዘመድ ተመለከቱት። ከአፌ አመለጠኝ፤ «እኔ ልሞክረው» አልኩ።

ሳቁ። አንዱማ «የራስህን ጫማ ስትጠግን አይተንሃል፤ እስካሁን ታነክሳለህ» አለኝ። ጋሼ ደምሴ ግን አልሳቁም። በፍጥነት፣ እጅግ በፍጥነት፣ እሺ አሉ። እዚያ ላይ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እስከ ሰኞ ስብሰባ ቀን ሰጡኝ፤ ከተሠራ ሁለተኛ ያዥ እሆናለሁ፣ ካልተሠራ ከመጥረቢያዬ ጋር እኖራለሁ። መጋዙን ተሸክሜ ልወጣ ስል የማኅበሩ ጸሐፊ ይማም ወረቀት አቀረበልኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«መጋዙን ለጥገና መረከብህን ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

ጣቴን ቀለም አስነኩኝ። ክብር መስሎኝ ጠንከር አድርጌ ነው የጫንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ግቢ ዳሱ ሥር ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ዳሱ በአራት ባላ የቆመ፣ በማሽላ አገዳ የተከደነ ነው። ማንጎ የሚበስልበት ወር ስለነበረ ግቢው በሙሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ ዝንቡም እንደዚያው። እህቴ ዘሃራ ከዳሱ አጠገብ ሰሌን ላይ ማሽላ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች። መሣሪያዬ አንድ ካቻቪቴ፣ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ከሚያድር የጭነት መኪና ረዳት የተዋስኩት የብሎን መፍቻና አንድ ዱልዱም ቢላ ነው። ዕውቀት አልነበረኝም።

የጎን ክዳኑን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታሁ። ክዳኑ አልላቀቅ አለኝ። ዛሬ እንደማውቀው ፍሬን እንደያዘ ክዳን አይከፈትም፤ መጀመሪያ ይለቀቃል። እኔ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ በካቻቪቴ ፈለቀቅኩት። ከውስጡ ያለችውንም ትንሽ ሽፋን እንዲሁ። ወዲያው ከውስጥ አንዲት ሞላ ተስፈንጥራ በጆሮዬ ሥር አልፋ ሄደች።

«ምንድን ነው የበረረው?» አለች ዘሃራ።

«ሞላ።»

«የት ገባ?»

«ማሽላሽ ውስጥ።»

«ታዲያ ምን ተጎልተህ ታየኛለህ? ተነስና ወንፊቱን አምጣ።»

ያን ሁሉ ማሽላ በወንፊት ነፋነው። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ አየችንና «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለች። ዘሃራ «ምንም እማዬ፣ ዘንድሮ ማሽላችን ብረት አፍርቶ እየለቀምን ነው» ብላ መለሰች። ሞላዋ የተገኘችው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ከሰሌኑ ውጭ፣ ዶሮዋ እየጫረቻት።

ከዚያ በኋላ ቀስ ማለት ተማርኩ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታቴ በፊት ዐየሁት፣ ስፈታውም በፈታሁት ቅደም ተከተል ጆንያው ላይ ደረደርኩት። ነገሩ ከገመትኩት በላይ ቀላል ነው። ሰንሰለቱን የሚያዞር አንድ ክብ ብረት አለ። በዚያ ዙሪያ ቀጭን የብረት ቀበቶ ተጠምጥሟል። ጋሻዋ ወደፊት ስትገፋ ሞላዋ ቀበቶውን ትስበዋለች፣ ቀበቶውም ክቡን ብረት አንቆ ያቆመዋል። ጋሻዋ ወደኋላ ስትመለስ ይለቀዋል። አበቃ። ሁለት ዓመት እንደ ጅን የፈራናት ነገር የሱሪ ቀበቶ ሆና ተገኘች።

ያልተመለሰችበትንም ምክንያት አገኘሁት። የጋሻዋ ማጠፊያ ተጣሟል፤ ከሥሩ ደግሞ የቃጫ ገመድ ክር ተጠምጥሞ ገብቷል። የግመል ጭነት የሚታሰርበት ቃጫ ነው፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። እኔ መጋዙን ከትከሻዬ ውጭ በምንም ጭኜ አላውቅም። እኔ ጁምዓ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ጋሻዋን እንደ ጀሪካን እጀታ አድርጎ መጋዙን ከግመል ጭነት ላይ አንጠልጥሎታል ማለት ነው። ግመል ደግሞ ስትራመድ የተሸከመችውን ሁሉ ትንጣለች። ክሩን ፈትቼ በመሐረቤ ጥግ ቋጠርኩት። ማጠፊያውን በድንጋይ እየመታሁ አቃናሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን እናቴ መጣች።

የይፋት ቆላ ያልተቀባን ነገር ሁሉ ይሰነጥቃል። ጠፍር ይቀባል፣ የመጥረቢያ እጀታ ይቀባል፣ የቢላ አፎት፣ ተረከዝ፣ ፀጉር፣ አራስ ልጅ ይቀባል። በኛ አገር አንድን ነገር ጨርሰህ ሠራህ የሚባለው የሰሊጥ ዘይት ሲነካው ነው። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር።

«ቀባኸው?» አለችኝ፣ የዘይቱን ቅል ይዛ።

«አልቀባሁም።»

«ታዲያ ደረቅ ለደረቅ እየተፋጨ እንዴት ይሠራል? ና፣ እጅህን ዘርጋ።»

ቀባሁት። ቀበቶውን ከውስጥም ከውጭም እስኪያብረቀርቅ አሸሁት። ክቡንም ብረት አልረሳሁትም። እናቴ አጎንብሳ አየችና «አሁን ብረት መሰለ» አለች።

እሑድ ሰዉ ተሰበሰበ። ጋሼ ደምሴም ኮታቸውን ለብሰው መጡና ከዳሱ ሥር በርጩማ ተሰጣቸው። ማንጎ ቀረበላቸው፤ ኮታቸው እንዳይነካ ክንዳቸውን ዘርግተው ይበላሉ። የማስነሻውን ገመድ ሦስት ጊዜ ሳብኩ። ተነሳ። ነዳጅ ስሰጠው ሰንሰለቱ ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ደግሞ እልልታ ስሰማ የማልሆነው የለም፤ ልቤ አበጠ።

«ፍሬኑስ?» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ የማንጎውን ፍሬ እየመጠጡ።

«ይኸውልዎ» ብዬ ጋሻዋን ወደፊት ገፋኋት። ነዳጁን ሳልለቅ። ምን ያህል እንዳመንኩበት ለማሳየትም የመጋዙን ምላስ ወስጄ የዳሱ ባላ ላይ አስደገፍኩት። ቆሟል ብዬ።

አልቆመም። ፍሬን የያዘ መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ያኔ አየሁ። ግቢው በተቆላ ሰሊጥ ሽታ ተሞላ፤ ጭሱም ከመጋዙ ጎን ይወጣል። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ «ዘሃራ፣ ሰሊጡን ማን ጣደው?» ሲል ሰማሁ፤ በዚያው ቅጽበት ባላው ለሁለት ተቆረጠና ዳሱ ከነአገዳው ጋሼ ደምሴ ላይ ተቀመጠ።

በስብሰባ ላይ አምላክ የሚባል ነገር እንደሌለ አምስት ጊዜ ያስረዱን ሰው ናቸው። ከአገዳው ሥር ግን «ማርያም፣ ኧረ ማርያም» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎም ረጋ ብለው፣

«ሁሴን፣ መጋዙ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል ጋሼ።»

«እንግዲያስ አውጡኝ።»

አወጣናቸው። ምንም አልሆኑም፤ ማንጎው ብቻ ኮታቸው ላይ ተፈጥርቋል። «እስከ ነገ ጊዜ አለህ» ብለው አገዳ ከፀጉራቸው እየለቀሙ ሄዱ።

ሰዉ ሲበተን ከፈረሰው ዳስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ሁሉን ነገር እንዳገኘሁት መልሼ ገጥሜ፣ ለምን አልያዘም? ዘሃራ ፀጉሯን ዘይት ስትቀባ ቆይታ ተነሳችና ማሽላው ላይ የወጣችውን ዶሮ ለመያዝ አጎነበሰች። ዶሮዋ ከእጇ ሾልካ ወጣች።

«ዘይት በነካ እጅ ዶሮ አይያዝም» አለች እጇን በአመድ እያሸች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። «ሁሴን፣ አንተ ግን ዶሮዋን ራሷን ነው የቀባሃት።»

ተነስቼ እንደገና ፈታሁት። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ጋሻዋን ወደኋላ መልሼ፤ ሞላዋም በአልጋዋ ተኛች። ቀበቶውንና ክቡን ብረት በቤንዚን አጠብኩ፣ በአመድ አሸሁ፣ ደግሜ አጠብኩ። የውጭ ሰው ቢያየኝ የእናቴን ሥራ በስድብ የማነሳ ይመስለው ነበር፤ እሷም ከበሩ ቆማ በቅሬታ ታየኝ ነበር። ብረቱን የጋለ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። የሮቢት ፀሐይ በሕይወቴ የጠቀመችኝ ያን ቀን ነው።

ለዐስር ሶላት ከመነሳቴ በፊት ገጥሜ አስነሳሁት። ሰንሰለቱ ዞረ። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ፣ በተለይ ከቀሩት ባላዎች ራቅ ብሎ ቆሟል። ጋሻዋን ገፋሁ።

ጠቅ።

ደረቀ። መለስኩ፤ ዞረ። ገፋሁ፤ ጠቅ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። በመጨረሻ እናቴ «በቃ፣ ሰማነው» አለችና ማንጎ ቆርጣ ሰጠችኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ማንጎ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ሰኞ ስብሰባው ሾላው ሥር ነበር። መጋዙን አስነስቼ አሳየሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ሁለተኛ ያዥ ማን ይሁን ሲባል ስሜ ተጠራ። ያኔ ጋሼ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ይማምን ወረቀቱን እንዲያነብ አዘዙት። ይማም አነበበ። ሁሴን የተባለው አባል ሐሙስ ማታ መጋዙን ሲያጸዳ ጥሎ ፍሬኑን መስበሩን አምኖ፣ ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ ሊጠግን ወስዷል ይላል። የሰበረ ሰው መጋዝ አይይዝም፤ የማኅበሩ ደንብ ነው።

መሐረቤን ፈትቼ ክሩን አወጣሁ። «ይህ የግመል ቃጫ ነው። ከፍሬኑ ውስጥ ያገኘሁት ነው። እኔ መጋዝ በግመል ጭኜ አላውቅም» አልኩ።

«ቃጫ አይፈርምም» አለ ይማም። «የፈረምከው አንተ ነህ።»

ጋሼ ደምሴ መሬት መሬት ያያሉ። ሌላውም እንዲሁ። ጠጋኝነቴ ተመሰገነ፣ ሰባሪነቴ ተጻፈ፣ እኔም ወደ መጥረቢያዬ ተመለስኩ። ስሜም ተቀየረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰባሪው» ሆንኩ። ጀውሃ ድረስ።

በዚያው ክረምት መሠረተ ትምህርት መጣ። ሌላው ደብዳቤ ለመጻፍ ተማረ፣ ሌላው ካድሬው ተቆጥቶት ተማረ። እኔ አንድ ወረቀት ለማንበብ ነው የተማርኩት። ፊደሉን በፍቅር የቆጠርኩት እንዳይመስላችሁ። መጥረቢያ ሲያነሱ ሀ፣ ሲያሳርፉ ሁ፤ ግራሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ተምሯል። ጊዜ ፈጀ። እየተንተባተብኩ የማነብ ስሆን የማኅበሩ ቢሮ ሄድኩና ወረቀቴን ላንብ አልኩ። ይማም ፋይሉን ሰጠኝና እየሳቀ ወጣ፤ አላመነኝም። ጋሼ ደምሴ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ከቃሉ ሥር ጣቴን እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁሉም የተባለው አለበት። ግርጌው ላይ የኔ አውራ ጣት አለ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ በክብር የተጫነ። ከጎኑ «ምስክር፦ ደምሴ» ይላል። ከስሙም ቀጥሎ ሌላ አውራ ጣት።

የደረት ኪሳቸውን አየሁት። መነጽሩም እስክሪፕቶውም በቦታቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ አንቱም ማንበብ አይችሉም?»

ኮታቸውን አወለቁ። ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ውስጡ አንድ ቀጭን ሰው ነበር።

«መነጽሩ ለመንገድ አቧራ ነው» አሉ።

«ግመሉስ?»

«ግመሉ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አትንኳት ብዬ ያወጅኩት እኔ፣ አንጠልጥዬ የሰበርኳት እኔ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል?»

«እኔ ነኝ ይባላል። አጭር ነው።»

ከፋይሉ ባዶ ወረቀት ሳብኩና እስክሪፕቶውን ከኪሳቸው አወጣሁ። ቀለም ነበረው፤ ጽፎበት የሚያውቅ ስለሌለ ሙሉ ነው። በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስጽፍ ትንሽ ፈተነኝ። ይማም የለም። እኚህ ሰው የምለውን ከማመን ሌላ አማራጭ የላቸውም። የፈለግኩትን ብጽፍ፣ ሚስቴን ገድያለሁ ብዬ ብጽፍባቸው፣ ያትሙበታል። ሰው በኔ ላይ የነበረው ሥልጣን ይህን ያህል እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። ጨርሼ አነበብኩላቸው።

«የመጋዙን ፍሬን ግመል ላይ ሰቅሎ የሰበረው ደምሴ ነው። የጠገነው ሁሴን ነው። ዳሱ የወደቀው በሁሴን ጥፋት ነው። ዳሱ ሲወድቅበት ደምሴ ማርያምን ጠርቷል።»

«የተጻፈው ይኸው ብቻ ነው?»

«ካመኑኝ ይኸው ብቻ ነው።»

«ማርያምን ለምን አስገባሃት?»

«ምስክር ናት።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም፣ ላለመሳቅ ምዬ የገባሁት ሰውዬ፣ ሳቅኩ። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ጠንከር አድርገው ጫኑት። «ይህ ሀ ሁ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

«ንዴት ካለዎት ቶሎ ይገባል።»

መጋዙን ሰጡኝ። በስምንተኛው ወር ሞተሩ ነከሰና ሞተ፤ የኔ ዕድል እንዲህ ነው። ፍሬኑ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ይሠራ ነበር።

የካራቆሬው ቆራጭ ኒሙን ጨርሶ ሲነሳ መጋዙን በጋሻዋ ሊያንጠለጥል ጣቱን ሰደደ። «በእሷ አይያዝም» አልኩት። ደንግጦ ለቀቃት። ከዚያ ዛፉን በፈቃዴ ስለማስቆረጤ የምፈርምበት ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባጃጁ ውጭ ጡሩንባ ይነፋል፣ ሰውዬው ይቁነጠነጣል፣ እኔ አነባለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ ሁሴን፣ ለአንድ መስመር?» አለኝ። አዎ፣ ለአንድ መስመር። አንድ መስመር ነው ሁለት ዓመት መጥረቢያ ያስያዘኝ።

ጋሼ ደምሴን ይቅር ብለሃቸው ነበር ወይ የሚሉኝ አሉ። አላልኩም። ተስተካክለናል እንጂ፤ ይለያያል። ከተስተካከልን በኋላ ግን እስኪሞቱ ድረስ ማንጎ በወጣ ቁጥር እናቴ ግቢ እየመጡ አዲሱ ዳስ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ከባላው ራቅ ብለው፣ ኮታቸውን አውልቀው። ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ ከእኔ ዘንድ ናት። ፊደሏ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ከታች አንድ አውራ ጣት አለባት፤ ከአናቷ ላይ ደግሞ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቀን፤ መጋቢት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.።